ዕድሜ ለስላይድ አንባቢዎቻችን

በስብሰባ አዳራሽ፣ ፕሮጀክተር ግድግዳ ላይ የሚያወጣውን ጽሑፍ ጮክ ብሎ የሚያነብልን ሰው አላጣንምና ፈጣሪ ይመስገን። ሰሜን ሸዋ በዚህ ረገድ የታደለ ዞን ነው። ደብረ ብርሃን ላይ፣ ብርዱ ገና ከአዳራሹ ሳይወጣ፣ ከመንዝና ከምንጃር፣ ከመርሐቤቴና ከይፋት የመጡ ባለሙያዎች ካፖርታቸውን እንደ ለበሱ ተደርድረው ይቀመጣሉ። ዲፕሎማ ያለው አለ፤ ሁለት ዲግሪ ያለውም አለ። ገለጻ አቅራቢያችን ግን ሰዉ ፊደል መቁጠሩን እርግጠኛ አይደለም። ስለዚህ ለታዳሚው ጀርባውን፣ ለግድግዳው ፊቱን ሰጥቶ ከመጀመሪያዋ ነጥብ እስከ መጨረሻዋ ያነብልናል። ትሕትናው ደግሞ! ከራሱ አንዲት ቃል አይጨምርም።

ይህን ሙያ ስንፍና ነው የሚሉ ምቀኞች አሉ። እስቲ ዝግጅቱን ይመልከቱለት። ገለጻው ነገ ጠዋት ከሆነ ሥራው ዛሬ ማታ ከእራት በኋላ ይጀመራል። ዓመታዊው ሪፖርት ይከፈታል፤ አንቀጹ እንዳለ ተገልብጦ ስላይዱ ላይ ይለጠፋል፤ አልበቃ ካለ የፊደሉ መጠን ይቀነሳል። ሃያ ደቂቃ የተሰጠው ሰው ሰባ ስላይድ ይዞ ሲመጣ ለጋስነት እንጂ ሌላ ምን ይባላል? ሰሚዎቼ እነማን ናቸው፣ ምን ያውቃሉ፣ ከአዳራሹ ሲወጡ ምን እንዲያደርጉ እፈልጋለሁ የሚሉት ጥያቄዎች እንቅልፍ ስለሚያሳጡ በዘዴ ይታለፋሉ። ሰዓት ይዞ፣ ድምፅ አውጥቶ መለማመድማ ነውር ነው። የቤት ሰው ቢሰማ ምን ይላል?

ስለ ቀለም ምርጫው ዝም ብል ይታዘበኛል። ነጭ መደብ ላይ ቢጫ ፊደል ይመርጣል። መጋረጃ የሌለው መስኮት የደጋውን ፀሐይ ሲያስገባ ጽሑፉ ጨርሶ ይጠፋል፤ ያኔ የአንባቢ ጥቅሙ ይታወቃል።

ኮምፒውተሩና ፕሮጀክተሩም የሚተዋወቁት በታዳሚ ፊት ነው። ቀደም ብሎ መጥቶ መሞከር ግርማ ሞገስ ይቀንሳል። የክብር እንግዳው “የተከበራችሁ” ብለው ከከፈቱና ለአስቸኳይ ስብሰባ ከወጡ በኋላ፣ ገመዱ ከአንዱ ቀዳዳ ወደ ሌላው ይዘዋወራል፤ ከታዳሚው ሦስት አራት ሰው ተነሥቶ እያንዳንዱ የሚያውቀውን ቁልፍ ይጫናል። ምስሉ ሲመጣ ደግሞ የፊደል ጉዳይ አለ። የግዕዝ ፊደል እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደል ሥርዓት ውስጥ፣ ገብቷል፤ አቅራቢያችን ግን የድሮ ወዳጁን የማይከዳ ሰው በመሆኑ ከዚያ በፊት በተሠራ የአማርኛ ፊደል ይጽፋል። ያ ፊደል ያልተጫነበት የአዳራሹ ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት “መግቢያ” የሚለው ርዕስ የላቲን ፊደልና የምልክት ዝርግፍ ሆኖ ብቅ ይላል። አቅራቢያችን አንደበቱ ሲታሰር ያየነው ያን ጊዜ ብቻ ነው። የሚያነበው የለማ!

ከሁሉም በላይ ያስደነቀኝ ግን ስለ መረሬ፣ ስለ ጥቁሩ ሸክላማ መሬት፣ የተሰጠው ገለጻ ነው። ጉዳዩ ክረምት ላይ ውኃ የሚያቁርን ማሳ ማጠንፈፍ ነበር። መረሬ ሲደርቅ እግር የሚውጥ ስንጥቅ ያወጣል፤ ዝናብ ሲጠግብ ደግሞ ያብጥና ስንጥቁ ይደፈናል፤ ውኃውም መውረጃ አጥቶ ሥሩን ያፍነዋል። ለዚህ መላው ማሳውን ሰፋፊ መደብ አድርጎ በመካከሉ ቦይ ማውጣት ነው። ይህን እንዲሰሙ ከተጠሩት መካከል የሞረትና ጅሩ ወረዳ ከተማ የእነዋሪ ገበሬዎች ነበሩበት። የእነዋሪና የአካባቢዋ ገበሬ መደቡንና ቦዩን ከነቤተሰቡ ጎንበስ ብሎ፣ አፈሩን በእጁ እየዛቀ ሲያበጅ የኖረ ነው፤ ተመራማሪዎችም ወደዚያ ወርደው ያጠኑት ስለዚሁ ነው። አቅራቢያችን ለእነዚህ ሰዎች ቦይ ምን እንደሆነ ትርጓሜውን አነበበላቸው። ቀጥሎ የውጭ አገር ትራክተር ፎቶግራፍ አሳያቸው። ቀጥሎም ባለ አሥራ አንድ ዐምድ ሰንጠረዥ መጣ፤ “ይህ ላይታያችሁ ይችላል፤ እኔ አነብላችኋለሁ” አለ። ቃሉንም ጠበቀ።

ከወደ ኋላ አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አወጡ። “ልጄ፣ ቦዩንስ እኛም እናውቀዋለን። ከእኔ ቦይ የሚወጣው ውኃ ግን የሚወርደው ጎረቤቴ ማሳ ላይ ነው። እሱስ ወዴት ያውርደው? በዚህ ነገር ሽምግልና ተቀምጠናል።”

አዳራሹ ለመጀመሪያ ጊዜ ነቃ። የሞረትና ጅሩ የልማት ሠራተኛ ወንበሩን አስጠጋ፤ አንዲት ወጣት ባለሙያ ማስታወሻዋን ገለጠች። የሰፊ መደብና ቦይ አሠራር ዋናው ጣጣ እርሳቸው ያነሱት ነው። ቦዩን እያንዳንዱ ገበሬ በየማሳው ያወጣል፤ ዋናው ማፋሰሻ ግን የብዙ ሰው መሬት አቋርጦ ወንዝ ድረስ መውረድ አለበት፤ ስለዚህ ሁሉም በአንድ ካልተስማማ የአንዱ ደረቅ ማሳ የሌላው ረግረግ ይሆናል። ሌላ ቦታ ቢሆን ልምድ የጎደለው አቅራቢ ይህን ጊዜ ስላይዱን ያጠፋ፣ ሽማግሌውን ወደ ፊት ይጠራ፣ ነጩ ሰሌዳ ላይ ማሳውንና ተዳፋቱን ይሥል ነበር። ከሰባው ስላይድ አንዱን ብቻ፣ ውኃው ወዴት እንደሚሄድ የሚያሳየውን፣ በትልቁ አዘጋጅቶ ይመጣም ነበር። የእኛው ግን ሥርዓት አዋቂ ነው። “በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው፣ አባቴ፤ ስላይድ 58 ላይ እንደርስበታለን” አለ።

አልደረስንበትም። 31ኛው ላይ ሳለን አስተባባሪው ሰዓቱን አሳየው። “በጊዜ እጥረት ምክንያት” አለና ቁልፉን ሲያከታትል ስላይድ 58 ከሌሎቹ ጋር በፊታችን አለፈ፤ ቀስት ያለበት ይመስለኛል። የቆመው የመጨረሻው ላይ ነው፤ “ስላዳመጣችሁኝ አመሰግናለሁ” ይላል፤ ከሥሩ ቀይ ጽጌረዳ አለ። በአጠቃላይ ገለጻው ውስጥ በትልቅ ፊደል የተጻፈው እርሱ ብቻ ነበር።

ፍሬ ነገሩን ታች መቅበር የእኛ ብቻ ጥበብ ነው ብዬ ልኮራ ነበር፤ ሆኖም የሕዋ ሰዎች ቀድመውናል። በፈረንጆቹ ጥር 2003 ኮሎምቢያ የተባለችው የአሜሪካ መንኮራኩር ስትነሣ ከነዳጅ ማጠራቀሚያዋ የተገነጠለ የአረፋ ቁራጭ ክንፏን መታት። መንኮራኩሯ ገና ሕዋ ላይ ሳለች መሐንዲሶች ጉዳቱን ገምግመው በስላይድ አቀረቡ። የስላይዱ ርዕስ የሚያረጋጋ ነበር። ክንፏን የመታው ቁራጭ ቀድሞ በሙከራ ከተፈተሹት ከ600 ጊዜ በላይ እንደሚበልጥ የሚናገረው መስመር ግን ከሁሉም በታች በደቃቅ ፊደል ተቀመጠ። የካቲት 1 ቀን፣ በዚያው በፈረንጆቹ፣ መንኮራኩሯ ወደ ምድር ስትመለስ ተበታተነች፤ ሰባቱም ተጓዦች ሞቱ። አደጋውን የመረመረው ቦርድ፣ አንድ ኃላፊ ያንን ስላይድ አንብቦ የሕይወት ጉዳይ መሆኑን ሳይረዳ ቢቀር አያስገርምም ሲል ጻፈ። እኛ ዘንድ ቢበዛ የሚሞተው የአንድ ገበሬ ምስር ነው። የአንድ ገበሬ ምስር ደግሞ ቦርድ አያቋቁምም።

የጥያቄና መልሱን ክፍለ ጊዜ ሳላመሰግን ባልፍ ግፍ ይሆንብኛል። ጥያቄ ለየብቻው አይመለስም፤ አምስት አምስት ሆኖ ይሰበሰባል። “ጥያቄ ሳይሆን አስተያየት ነው ያለኝ” የሚል ሰው ከገለጻው የረዘመ ገለጻ ያቀርባል። የምሳ ሽታ ሲገባ አቅራቢያችን አምስቱንም በአንድ ዓረፍተ ነገር ይገላግላቸዋል፤ “የተነሡት ሁሉ ጠቃሚ ናቸው፤ እንደ ግብዓት እንወስዳቸዋለን።” ሽማግሌው ግብዓት ሆኑ። ምሳው የጅሩ ሰንጋ ስለነበረ ማንም አልተከራከረም።

ከምሳ በኋላ የቀረው ሰው ፍላሽ ዲስኩን ይዞ አቅራቢው ኮምፒውተር ፊት ተሰለፈ። አዳራሽ ውስጥ ያልሰሙትን ሶፍት ኮፒ ወስዶ ቢሮ ውስጥ አለማንበብ የተከበረ ልማድ ነውና። አንደኛው ፍላሽ ቫይረስ ነበረው። ሳምንት ሳይሞላ፣ መሐል ሜዳ ከተማም፣ አረርቲም፣ ዓለም ከተማም የወረዳ ኮምፒውተሮች ሰነዶቻቸውን ደብቀው አቋራጭ ምልክት ብቻ ያሳዩ ጀመር። ከዚያ አዳራሽ ወጥቶ እስከ ታች የወረደ ነገር የለም የሚል ካለ ይኸው።