ካርታው ላይ ያለችው 63 ከየት መጣች?

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ በቴሌግራም አንድ ካርታ ላከልኝ። የዓለም ካርታ ነው። አገሮቹ በአይኪው፣ ማለትም በማሰብ ችሎታ ፈተና ውጤታቸው፣ ቀለም ተቀብተዋል። ኢትዮጵያ ላይ 63 ተጽፏል። ከሥሩ አንድ ጥያቄ ብቻ አለ፤ «ጋሼ፣ ይሄ ነገር እውነት ነው እንዴ?»

ልጁ 16 ዓመቱ ነው። ሒሳብ ይወዳል። ካርታውን ያየው የክፍል ጓደኞቹ በሚያወሩበት ግሩፕ ውስጥ ነው። አንዳንዶቹ ስቀዋል። አንዳንዶቹ ደግሞ «ለዚህ እኮ ነው የማያልፍልን» ብለው ጽፈዋል። እኔን ያመመኝ ይሄኛው ነው። ሳቁ ያልፋል። አንድ ልጅ ስለራሱ እንዲህ ያለ ነገር አምኖ ካደገ ግን ከውስጡ ማውጣት ከባድ ነው። ስለዚህ «ውሸት ነው፣ ተወው» ብዬ ማለፍ አልፈለግኩም። ቁጥሯ ከየት እንደመጣች ላስረዳው ቁጭ አልኩ። ለእሱ ያልኩትን ለእናንተም ልጻፈው።

63 የመጣችው እ.ኤ.አ. በ2002 ከታተመ አንድ መጽሐፍ ነው (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶችም ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)። የጻፉት እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ምሁር ሪቻርድ ሊን እና ፊንላንዳዊው የፖለቲካ ሳይንስ ምሁር ታቱ ቫንሃነን ናቸው። ለ185 አገሮች የአይኪው አማካይ ሰጡ። ከእነዚህ ውስጥ የሆነ የፈተና ውጤት የተገኘላቸው 81ዱ ብቻ ናቸው። የቀሩት 104 አገሮች ቁጥር የጎረቤቶቻቸው ታይቶ የተገመተ ነው።

ኢትዮጵያ ዳታ አላቸው ከተባሉት ውስጥ ናት። ታዲያ ዳታው ምንድን ነው? አዲስ አበባ ላይ የተፈተነ ሰው የለም። ጅማም፣ ሐረርም፣ መቀሌም የለም። የተፈተኑት 250 ልጆች ናቸው። ዕድሜያቸው 15 ዓመት ገደማ የሆነ፣ ወደ እስራኤል ከገቡ ብዙም ያልቆዩ ቤተ እስራኤላውያን። ጥናቱ የታተመው በ1991 ነው። አጥኚዎቹ ማየት የፈለጉት አዲስ የመጡት ልጆች እዚያው ከተወለዱት ጋር ሲነጻጸሩ ምን ያህል እንደሚያገኙና ምን ዓይነት ስህተት እንደሚሠሩ ነበር። የኢትዮጵያን ሕዝብ ሊለኩ አልተነሱም። በኋላ ግን ውጤቱ ተወሰደ፣ በእንግሊዝ ልጆች ሚዛን ተመዘነ፣ የአንድ ሙሉ አገር ቁጥር ሆኖ ተጻፈ።

የኢኳቶሪያል ጊኒ ደግሞ የባሰ ነው። 59 ነው የተሰጣት። ያ ቁጥር የተወሰደው ስፔን ውስጥ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለባቸው ልጆች በሚኖሩበት ተቋም ከተፈተኑ ልጆች ነው። በ2020 በነዚህ የአገሮች ቁጥሮች ላይ የተመሠረተ አንድ ጥናት ራሳቸው ጸሐፊዎቹ ጠይቀው ከመጽሔቱ ተሰርዟል። ካርታው ግን ዛሬም ከስልክ ወደ ስልክ ይዞራል።

እስቲ 63 ማለት ምን ማለት እንደሆነ እንየው። የአይኪው ፈተና አማካዩ 100 እንዲሆን ተደርጎ ይሠራል። ከሦስት ሰው ሁለቱ በ85 እና በ115 መካከል ያገኛል። ከ70 በታች የሚያገኘው ከመቶ ሁለት ሰው ገደማ ነው። ባለሙያዎች የአእምሮ እድገት ውስንነትን ሲመረምሩ ከሚያዩዋቸው ነገሮች አንዱም ይህ ከ70 በታች የሆነ ውጤት ነው። እንግዲህ ካርታው የሚለን መካከለኛው ኢትዮጵያዊ ኑሮውን ለመምራት የሰው እገዛ ያስፈልገዋል ነው።

ከመገናኛ ፒያሳ በሚኒባስ የሄደ ሰው ይህን እንዴት ያምናል? ረዳቱ በሩ ላይ ቆሞ ማን እንደከፈለ፣ ማን መልስ እንደቀረው፣ ማን የት እንደሚወርድ በቃሉ ይዞ ይሄዳል። ያንኑ ልጅ ወረቀትና እርሳስ ሰጥታችሁ ብትፈትኑት ውጤቱ ሌላ ሊሆን ይችላል። ብራዚል ውስጥ ይህንኑ ፈትሸውታል፤ ጥናቱ በ1985 ታትሟል። ሬሲፌ ከተማ ውስጥ ኮኮናትና ሌላም ነገር የሚቸረችሩ ልጆች እዚያው ገበያው ላይ ሒሳብ ሲጠየቁ 98 ከመቶውን በትክክል መለሱ። ያው ስሌት በወረቀት ላይ ቁጥር ብቻ ሆኖ ሲመጣ 37 ከመቶ አገኙ። የተጠኑት ልጆች ጥቂት ነበሩ። ልዩነቱ ግን በዚያው ልጅ ላይ፣ በቀናት ውስጥ የታየ ነው።

«ግን ጋሼ፣» አለኝ የእህቴ ልጅ፣ «እነዚያ 250 ልጆች የተፈተኑት በሥዕል ነው ይላል። ሥዕል ደግሞ ለሁሉም ሰው እኩል ነው።»

ጥሩ ጥያቄ ነው። ትልልቅ ሰዎችም ይህንኑ ያስባሉ። የተሰጣቸው ፈተና የሬቨን ፈተና ይባላል። በ1938 እንግሊዝ አገር የወጣ ነው። ቃል የለበትም። 60 ጥያቄ አለው። ቅርጾች በረድፍ ይደረደራሉ፣ አንዷ ትጎድላለች፣ ከታች ካሉት ምርጫዎች ቦታዋን የምትሞላውን ማግኘት ነው። ቋንቋ ስለሌለው ባህል አይነካውም ተብሎ ብዙ ተወርቶለታል። እኔም ድሮ እንደዚያ ይመስለኝ ነበር።

አሁን ይህን ወረቀት ደብተር ይዞ ያላደገ ልጅ ፊት አስቀምጡት። ገጹ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ከላይ ወደ ታች እንደሚታይ ማወቅ አለበት። ወረቀት ላይ ያለ መስመር እርስ በርሱ የተያያዘ ነገር እንደሆነ መቀበል አለበት። የማያውቀው ሰው አስቀድሞ የወሰነው አንድ መልስ ብቻ እንዳለ፣ የቀረው ሁሉ ስህተት እንደሆነ መረዳት አለበት። ይህን ለምን እንደሚጠየቅ ደግሞ ማንም አልነገረውም። እኛ ትምህርት ቤት የገባን ሰዎች ይህን ሁሉ አንድ ቀን መማራችንን ረስተነዋል። አብሮን የተወለደ ይመስለናል።

ቤተ እስራኤላውያን በጎንደር ገጠር በምን ይታወቁ ነበር? በሽመና፣ በሸክላ፣ በብረት ሥራ። ጥለት የሚሠራ ሸማኔ አጠገብ ቆማችሁ ታውቃላችሁ? ክር ይቆጥራል፣ ቀለም ይለዋውጣል፣ ይህ ረድፍ ከሚቀጥለው ጋር እንዴት እንደሚገጥም ሳይነድፍ በጭንቅላቱ ይይዛል። እኔ ይህን ከሬቨን ጥያቄ ለይቼ ማየት አልችልም። ሸማኔው የጎደለችውን በጣቱ አይጠቁማትም እንጂ ይሠራታል።

ሮበርት ሰርፔል የሚባል የሥነ ልቦና ተመራማሪ ይህን ነገር በሙከራ አሳይቶታል። በ1979 ባሳተመው ጥናት ለዛምቢያና ለእንግሊዝ ልጆች ቅርጽ እያሳየ አስመስላችሁ ሥሩ አላቸው። በእርሳስና በወረቀት የእንግሊዞቹ በለጡ። በሽቦ ሲሆን የዛምቢያዎቹ በለጡ። በጭቃ እኩል ወጡ። የሽቦ መኪና ሠርቶ ሰፈር ለሰፈር እየነዳ ላደገ ሰው ይህ ምንም አይገርመውም።

የሬቨን ፈተና የተፈጥሮ ጭንቅላትን ብቻ አይለካም የምልበት ሌላም ምክንያት አለኝ። ኔዘርላንድ ውስጥ ወደ ውትድርና የሚጠሩ 18 ዓመት የሞላቸው ወጣቶች በዚህ ፈተና ይፈተኑ ነበር። ጄምስ ፍሊን የተባለው ምሁር ውጤታቸውን ሲያነጻጽር ከ1952 እስከ 1982 ባለው ጊዜ ወደ 20 ነጥብ ገደማ ጨምሯል። በ1982ቱ ሚዛን ብንሄድ የ1952ቱ ወጣቶች አማካይ 80 ገደማ ሊሆን ነው። እነዚያ ሰዎች አገራቸውን ከጦርነት ፍርስራሽ አንስተው የገነቡ ናቸው። በ30 ዓመት ዘራቸው አልተለወጠም። ምክንያቱ ላይ ምሁራን ዛሬም ይከራከራሉ፤ ትምህርት፣ ምግብ፣ ጤና፣ የቤተሰብ ቁጥር ማነስ ይጠቀሳሉ። ሁሉም ግን ከኑሮ ጋር የሚለወጡ ነገሮች ናቸው።

ይህን ሁሉ ስል ፈተናው ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። ጭንቅላቱን ተመትቶ ከአደጋ የተረፈ ሰው ምኑ እንደተጎዳ ለማወቅ ይረዳል። የማንበብ ችግር ያለበትን ልጅ ለይቶ ለማገዝ ይጠቅማል። በአንድ አገር፣ በአንድ ዓይነት ትምህርት ውስጥ ባሉ ልጆች መካከል የክፍል ውጤትን በመጠኑ ይተነብያል። ሲጀመርም ለዚህ ነው የተሠራው። ፈረንሳዊው አልፍሬድ ቢኔ ከቴዎዶር ሲሞን ጋር በ1905 የመጀመሪያውን ፈተና ያወጣው የፓሪስ ትምህርት ቤቶች ውስጥ እገዛ የሚያስፈልጋቸውን ልጆች ለማግኘት ነበር። የሰው ብልህነት የማይጨምር የተወሰነ መጠን ነው የሚሉትን ቢኔ ራሱ አጥብቆ ተቃውሟል። ፈተናው ግን አሜሪካ ገባ። በ1917 እሱን ተከትሎ የተሠራ ሌላ ፈተና ወደ ጦር ሠራዊት ለሚገቡ ወታደሮች በገፍ ተሰጠ። ከጥያቄዎቹ አንዱ ክሪስኮ ምንድን ነው ይላል። ክሪስኮ አሜሪካ ውስጥ የሚሸጥ የምግብ ቅባት ነው። ከመርከብ የወረደ ጣሊያናዊ ይህን አለማወቁ እንደ ጭንቅላት ድክመት ተቆጠረበት።

እስራኤል ውስጥ ግን ነገሩን ከሌላ በኩል ያየ ሰው ነበር። ሬውቨን ፎየርሽታይን ይባላል። ሩማንያ ተወልዶ በ2014 ኢየሩሳሌም ውስጥ አረፈ። በ1950ዎቹ ከሞሮኮ የሚመጡ ልጆችን ሲፈትን ውጤታቸው በጣም ዝቅ ያለ ነበር። ትንሽ ሲያስረዳቸው ግን ወዲያው ይለወጣሉ። እሱም ዝም ብሎ መፈተኑን ተወ። መጀመሪያ ይፈትናል፣ ቀጥሎ ያስተምራል፣ ከዚያ እንደገና ይፈትናል። የሚለካው ልጁ ዛሬ ምን እንደሚያውቅ ሳይሆን ሲያስተምሩት ምን ያህል እንደሚራመድ ነው። በዚህ መንገድ ከኢትዮጵያ የመጡ ቤተሰቦች ልጆችም ተፈትነዋል። በ1999 በታተመ ጥናት የአንደኛ ክፍል ልጆቹ መጀመሪያ ላይ እስራኤል ከተወለዱት በብዙ ያንሱ ነበር። ከአጭር ትምህርት በኋላ ልዩነቱ በጣም ጠበበ። እኔ ይህን ሳነብ እንባዬ መጣ። ስንት ልጅ በመጀመሪያው ቁጥር ብቻ ተፈርዶበት ልዩ ትምህርት ክፍል ተቀምጦ ይሆን?

ደግሞ ነገሩ እስራኤል ብቻ አይደለም። ጎረቤቴ ልጇን አራት ዓመት ሲሞላት መዋዕለ ሕፃናት ልታስገባት ወስዳት ነበር። አስተማሪዋ ሥዕል እያሳየች በእንግሊዝኛ ትጠይቃታለች። አንዱ ሥዕል ከበረዶ የተሠራ ሰው ነው። ልጅቷ «ነጭ አሻንጉሊት» አለች፣ በአማርኛ። ዜሮ ተሰጣት። እናትየዋ «ልጅሽ ትንሽ ዘገምተኛ ናት» ተባለች። ሴትዮዋ ሳምንት ሙሉ አለቀሰች። በየትኛው ቋንቋ ነው የፈተናችኋት? ነጥቧን ያወዳደራችሁት ከማን ልጆች ጋር ነው? የፈተናት ሰው ለዚህ ሠልጥኗል? እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች የመጠየቅ መብት እንዳላት አታውቅም ነበር። ወላጆች፣ እባካችሁ ጠይቁ። ሳይመልሱላችሁ ቁጥሩን ይዛችሁ ቤት አትግቡ።

የእህቴ ልጅ ይህን ሁሉ ሰምቶ ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ እኔ ያላሰብኩትን ጠየቀኝ። «ጋሼ፣ እነዚያ 250 ልጆችስ አሁን የት ናቸው?»

ሃምሳ ዓመት ገደማ ሆኗቸዋል አልኩት። ልጅ አድርሰዋል። ምናልባትም ያቺ ካርታ በልጆቻቸው ስልክ ላይ ደርሳ ይሆናል፤ ቁጥሯ ከእነሱ እንደተወሰደች ግን ማንም አልነገራቸው ይሆናል።