ዶክተር ፖሎ መዝገብ ሲዘጉ

ቨርጂኒያ ውስጥ አንድ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ስሠራ፣ የማረፊያ ክፍላችን ቴሌቪዥን ከቴሌሙንዶ፣ ከአሜሪካው የስፓኒሽ ጣቢያ፣ ተነቅሎ አያውቅም ነበር። ባልደረቦቼ አብዛኞቹ የሆንዱራስና የኤል ሳልቫዶር ሴቶች ናቸው። «ካሶ ሴራዶ» የሚባለው የዳኝነት ፕሮግራም ሲጀምር ጉርሻው ሁሉ መንገድ ላይ ይቀራል። መዶሻው ሲያርፍ አብረው «ኤ ዲቾ፣ ካሶ ሴራዶ!» ይላሉ፤ ብያለሁ፣ መዝገቡ ተዘግቷል እንደማለት ነው።

መዶሻውን የያዙት፣ ተመልካቹ «ዶክተር» የሚላቸው አና ማሪያ ፖሎ ሃቫና ተወልደው ማያሚ ውስጥ በቤተሰብ ሕግ የሠሩ ጠበቃ ናቸው። ፕሮግራሙ እ.ኤ.አ. በ2001 ሲጀመር የባልና ሚስት ጠብ ነበር የሚያየው፤ በ2005 ስሙን ቀይሮ ያልገባበት ጉዳይ የለም። ነገሩ ችሎት አይደለም፤ ባለጉዳዮች ፈርመው የሚገቡበት የግልግል ዳኝነት ነው። ከፊሉን ጉዳይ ደግሞ የሚጫወቱት ተዋንያን ናቸው። ይህን የሚናገረው ጽሑፍ መጨረሻ ላይ ሽው ብሎ ያልፋል።

መዝናኛ ነው፣ ምን አለበት የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። አንዷ ባልደረባዬን የቀድሞ አሠሪዋ የሁለት ሳምንት ደመወዝ ከልክሏት ነበር። ለምን አትከሺም ስላት «ውል አልፈረምኩም፣ መኖሪያ ፈቃድም የለኝ፤ ዶክተሯ ፊት ብቆም እሸነፋለሁ» አለችኝ። ከቴሌቪዥኑ ራሷ የደረሰችበት ድምዳሜ ነው። የአሜሪካ ሕግ ግን የጽሑፍ ውል ለሌለውም፣ ፈቃድ ለሌለውም የሠራበትን ዝቅተኛ ደመወዝ አይነፍግም።

እሷን ማን ይንገራት? «ኖታሪዮ» ነን የሚሉትን ማመን አይቻልም። ሜክሲኮ ውስጥ «ኖታሪዮ» የተፈተነ የሕግ ባለሙያ ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ኖተሪ ፊርማ ከማረጋገጥ አያልፍም። በዚህ የስም መመሳሰል የሚነግዱ ሰዎች የስንቱን ስደተኛ ገንዘብ በልተው ጉዳዩን አበላሽተዋል። ጠበቃ መክፈል ለማይችል፣ ፍርድ ቤት ደጃፍ ላይ እንዳይያዝ ለሚፈራ ሰው፣ በገዛ ቋንቋው ሕግ ከሚያወሩለት ጥቂቶች አንዷ ፖሎ ነበሩ። ይህ ትልቅ ውለታ ነው፤ ዕዳውም በዚያው ልክ ይከብዳል።

አዲስ ቀረጻ በ2019 ቢቆምም የድሮዎቹ ክፍሎች ዛሬም ይታያሉ። ስለዚህ የምጠይቀው አሁንም ሊደረግ የሚችል ነው። ተዋናይ በቆመበት ክፍል ጽሑፉ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ስክሪኑ ላይ ይቆይ። ከመዶሻው በኋላም በእውነተኛው ፍርድ ቤት ጉዳዩ እንዴት እንደሚታይና ነጻ የሕግ ምክር የት እንደሚገኝ በስፓኒሽ ይነገር።

ያቺ ባልደረባዬ ደመወዟን ሳትጠይቅ ቀረች።