ራፋኤል አጋዬቭ እና አንድ ጊዜ ብቻ የተከፈተው በር

እ.ኤ.አ. ኦገስት 6 ቀን 2021 በቶኪዮ ኦሊምፒክ፣ በኒፖን ቡዶካን አዳራሽ የተካሄደው ከ75 ኪሎ ግራም በታች የወንዶች ኩሚቴ (የካራቴ የፍልሚያ ውድድር) ፍጻሜ በአንድ ነጥብ ልዩነት ተጠናቀቀ። ጣሊያናዊው ሉዊጂ ቡሳ በእጅ ምት ያገኛት አንዲት ዩኮ፣ ማለትም አንድ ነጥብ፣ ወርቁን አስገኘችለት፤ ለዓመታት ሲፎካከረው የኖረው አዘርባጃናዊው ራፋኤል አጋዬቭም የብር ሜዳሊያ ይዞ ከምንጣፉ ወረደ። ካራቴን በኦሊምፒክ ብቻ ያየ ሰው አጋዬቭን የሚያስታውሰው በዚያች ነጥብ ነው። ይህ ሚዛን የተዛባ ነው፤ ያዛባውም ኦሊምፒክ ካራቴን የተቀበለበትና የሸኘበት መንገድ ነው ብዬ አምናለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1985 በሱምጋይት ከተማ የተወለደው አጋዬቭ የመጀመሪያውን የዓለም ሻምፒዮንነት በ2006 በፊንላንዷ ታምፔሬ ሲቀዳጅ ገና የ21 ዓመት ወጣት ነበር። አምስተኛውን ያገኘው ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ2016 በኦስትሪያዋ ሊንዝ ነው። በአውሮፓ ሻምፒዮና ደግሞ 11 ጊዜ አሸንፏል። ከዓለም ድሎቹ መካከል ክብደት ሳይለይ ሁሉም ከሁሉም በሚገጥምበት ምድብ ያገኘው ይገኝበታል፤ በቁመትም በክብደትም ከሚበልጡት ሰዎች ፊት የቆመው በፍጥነቱና በእግር ጠረጋው ተማምኖ ነበር። የተጋጣሚውን እግር ጠርጎ ከጣለ በኋላ፣ የወደቀው ሰው ሳይነሳ በቡጢ የሚያሳርፈው ምት ሦስት ነጥብ የሚያሰጠው ኢፖን ነው፤ ይህን ለማድረግ ያለው ጊዜ ዓይን ከመጨፈንና ከመግለጥ አይበልጥም። ተጋጣሚዎቹ ሁሉ የጨዋታ ዘዴውን አጥንተው በሚመጡበት፣ ደንቡም በየጊዜው በሚሻሻልበት ስፖርት አሥር ዓመት ከላይ መቆየት ምን ያህል ልፋት እንደሚጠይቅ በዶጆ (በካራቴ መለማመጃ አዳራሽ) ውስጥ ላብ ያፈሰሰ ሰው ያውቀዋል።

እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አይጠበቅብንም። ቀነኒሳ በቀለ በዓለም አገር አቋራጭ ሻምፒዮና በአዋቂዎች ምድብ በግል 11 ጊዜ ወርቅ አጥልቋል። አገር አቋራጭ ከ1924ቱ የፓሪስ ኦሊምፒክ ወዲህ የኦሊምፒክ ውድድር አይደለም፤ ሆኖም እነዚያን ድሎች ማንም የአገሬ ሰው ዝቅ አድርጎ አያያቸውም። ለካራቴ ስፖርተኛም ተመሳሳይ ክብር ልንነፍገው አይገባም።

የኦሊምፒክ በር ለካራቴ የተከፈተው ዓለም አቀፉ የኦሊምፒክ ኮሚቴ በኦገስት 2016 በሪዮ ዴ ጄኔሮ ባደረገው ጉባኤ ነው። አጋዬቭ ያን ጊዜ 31 ዓመት ሞልቶት ነበር። ወረርሽኙ ውድድሩን በአንድ ዓመት ሲያራዝመው ደግሞ ዕድሜው 36 ደረሰ። ከሁሉ የሚያሳዝነኝ ግን ሌላ ነው፤ የፓሪስ 2024 አዘጋጆች ካራቴን ያላካተተ የተጨማሪ ስፖርቶች ዝርዝር ያቀረቡት በፌብሩዋሪ 2019፣ ማለትም በቶኪዮ አንድም የካራቴ ግጥሚያ ሳይካሄድ ሁለት ዓመት ተኩል ቀደም ብሎ ነበር። ስፖርቱ ተፈትኖ ወድቆ ቢሆን ኖሮ ቅሬታ ባልኖረኝ፤ ፈተናው ከመጀመሩ በፊት ውጤቱ ተነገረ እንጂ።

አቀባበሉም ቢሆን ሙሉ አልነበረም። በዓለም ሻምፒዮና በየጾታው አምስት የነበሩት የኩሚቴ የክብደት ምድቦች በቶኪዮ ወደ ሦስት ተጨፈለቁ። ለምሳሌ ከ84 ኪሎ በታችና ከዚያ በላይ በሚለው የሚለያዩ ወንዶች ከ75 ኪሎ በላይ በሚል አንድ ምድብ ውስጥ እንዲገቡ ተገደዱ፤ ከ60 ኪሎ በታች ይወዳደሩ የነበሩት ደግሞ እስከ 67 ኪሎ ከሚመዝኑት ጋር እንዲፋለሙ ሆነ። ሙሉ የውድድር ዘመናቸውን በአንድ ክብደት ያሳለፉ ሰዎች ለአንድ ቀን ውድድር ሲሉ ሰውነታቸውን መለወጥ ነበረባቸው።

የተሳታፊዎች ቁጥርና ወጪ መገደብ እንዳለበት፣ አዘጋጅ አገርም ሕዝቡ የሚወደውን ስፖርት የመምረጥ መብት እንዳለው እረዳለሁ። ይሁን እንጂ አንድ ተወዳዳሪ ከጀማሪነት ተነስቶ ለዓለም ደረጃ ለመብቃት ከአሥር ዓመት ያላነሰ ጊዜ በሚፈልግበት ስፖርት፣ የአራት ዓመት ውሳኔ በሰው ዕድሜ ላይ የሚተላለፍ ውሳኔ ነው። ስለዚህ አዲስ ስፖርት ሲገባ ቢያንስ ለሦስት ተከታታይ ኦሊምፒኮች ቦታው ሊረጋገጥለት፣ የሚቆይ ወይም የሚወጣ መሆኑም ውድድሩ ከታየ በኋላ ሊወሰን ይገባል።

በኦክቶበር 2023 ለሎስ አንጀለስ 2028 የጸደቁት ተጨማሪ ስፖርቶች ቤዝቦልና ሶፍትቦል፣ ክሪኬት፣ ፍላግ ፉትቦል፣ ላክሮስና ስኳሽ ናቸው፤ ካራቴ አሁንም የለም። በቶኪዮ ኦሊምፒክ ጊዜ 21 ዓመቱ የነበረ፣ ማለትም አጋዬቭ በታምፔሬ ባሸነፈበት ዕድሜ ላይ የነበረ ወጣት፣ በሩ በብሪዝበን 2032 ተመልሶ ቢከፈትለት እንኳ 32 ዓመት ይሆነዋል።