ከላይ የመጣ ትእዛዝ

ቅዳሜ ጠዋት ልጄን ኳስ ላጫውት ብዬ ወጣሁ። ደሴ ነው። የሰፈራችን ሜዳ በር ላይ መዳፍ የሚያክል ጓጉንቸር ተንጠልጥሏል። ጥበቃው «ከላይ የመጣ ትእዛዝ ነው» አለኝ። ቀና ብዬ ባይ የሚታየኝ የጦሳ ተራራ ብቻ ነው!

ይሄው ሜዳ ለባዛር ሲሆን ግን ወለል ብሎ ይከፈታል። ድንኳን ይተከልበታል፣ አይሱዙ ይገባበታል። ባዛሩ ሲያልቅ ችካል የተነቀለበት ጉድጓድ ይቀራል። አምና ልጄን እግሩን ወለም ያለው እዚያ ነው። ወጌሻ ጋ ያመላለስኩት እኔ። የኪራዩ ብር የት እንደገባ እንጃ።

ክረምትማ አይወራ። ከተማችን 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ አይጣል ነው። ሰኔ ሳይገባ ቦዩን መጥረግ ምን ይፈጃል? አካፋና ሁለት ሰው። ቦዩ ግን በሃይላንድ ፕላስቲክ ተጠቅጥቋል፤ ውሃው ጎሉ ስር ይተኛል። በረኛው ዳክዬ ሆነ። መረቡንማ የሰው ዶሮ ቤት ላይ አይቼዋለሁ፣ እናቴን!

ለምረቃ ሪባን የሚቆርጥ መች ጠፍቶ። ሣር የሚያጭድ ነው የጠፋው።

ልጄ አሁን አስፋልት ላይ ነው የሚጫወተው። ባጃጅ ሲመጣ «መኪና!» ይባባሉና ጨዋታው ይቆማል።