ሙክትና ባና

በደሴ ዙሪያ ደጋ፣ ከቦሩ ሜዳ እስከ ኩታበር፣ ለፀጉሩ ብሎ በግ የሚያረባ ቤተሰብ ዋና ጠላቱ ቀበሮ አይደለም፤ ዘመድ ነው። ቀበሮ በጨለማ መጥታ አንድ ግልገል ይዛ ትሄዳለች። ዘመድ በቀን ይመጣል፣ ቡናው በረካ እስኪደርስ ይቀመጣል፣ በረቱን እያየም «ማሻ አላህ፣ ይሄ ላት!» ይላል። ስለ ፀጉሩ የሚጠይቅ የለም።

ነገሩን ያባሰው የበጉ ተፈጥሮ ነው። እናት በግ ስታረግዝና ስታጠባ የበላችው ወደ ግልገሏ ይሄዳል፤ ፀጉሯ ይሳሳል፣ ሲፈተልም እየተበጠሰ ያስቸግራል። ሙክት እርግዝና የለበት፣ ማጥባት የለበት፤ የበላው ሥጋና ፀጉር ይሆናል። ስለዚህ ለባና፣ ለዚያ ከበግ ፀጉር ለሚሠራው ወፍራም ብርድ ልብስ፣ የሚመረጠውና ለበዓል የሚመረጠው አንድ በግ ሆኖ አረፈው። ወሎ ደግሞ በዓሉ አንድ አይደለም፤ አጎት ለፋሲካ ያየዋል፣ አማች ለአረፋ። ፋሲካ ቢያንስ በሃምሳ አምስት ቀን ጾም ያስጠነቅቃል። አረፋ በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ እየቀደመ ስለሚመጣ የሽልት ቀጠሮ ያፈርሳል። ብልህ እመቤት አማቿ በረቱን ሲያይ «እሱ እንኳ ያነክሳል» ትላለች፤ በግልጽ የሚያነክስ በግ ለኡድሒያ፣ ለአረፋው እርድ፣ አይሆንማ። አጎት ከጥግ ሆኖ «ለእኛ ግድ የለም፣ ይምጣ» ይላል።

ከሁለቱ ያመለጠ ሙክት ይሸለታል። በክረምት ዝናብ ወይም በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ የተራቆተ በግ ሳንባው ይመታል፤ ቀኑ ፀሐያማ፣ ፀጉሩም ደረቅ ይሁን። እርጥቡ ጆንያ ውስጥ ይሻግታል። በጉ ሳይበላ ያድራል፤ ሆዱ ሞልቶ ጋደም ሲያደርጉት ይጨነቃል፣ ይራገጣልም። እግሩን ልጆች ይይዛሉ፣ መቀሱን አባወራው፣ ምክሩን ጎረቤት። ቆዳው በግራ እጅ ካልተወጠረ መቀሱ እጥፋቱን ይዞ ይቆርጣል። አንድ ቦታ ላይ ሁለቴ የተመላለሰ መቀስም ለፈትል የማይሆን ቁርጥራጭ ያወጣል፤ በመጀመሪያው ያመለጠውን መተው ይሻላል። ይህን ለአባወራ ማስረዳት ከባድ ነው፤ በጉ እንደ ሙሽራ ካላማረ ሥራው ያለቀ አይመስለውም። ገበያ ሊወስደው ሲያስብ ግን ጭራሽ አያስነካም። ፀጉር አጥንት ይሸፍናላ! ገዢ ደግሞ ሞኝ አይደለም፤ እጁን ፀጉሩ ውስጥ ከትቶ ወገቡን ይጫነዋል።

የሆድና የጭራ ሥር ፀጉር ፍግ ስለያዘ ለብቻው ይቀመጣል፤ ነጩም ከጥቁሩ ይለያል። ከዚያ ሥራው የሴቶች ነው፣ አስተያየቱ የሁሉም። ፀጉሩ እጅ በሚችለው ሙቅ ውኃና በእንዶድ ግማሽ ሰዓት ያህል ይዘፈዘፋል። ማሸት የለም፣ ማማሰል የለም። «እስኪ ላግዛችሁ» ብሎ እንደ ካልሲ የሚያሽ ጎረምሳ ከተገኘ ፀጉሩ ተቆላልፎ የኮርቻ ምንጣፍ ይሆናል፤ ማንም አይፈታውም። ማለቅለቂያውም ከመዘፍዘፊያው እኩል ይሙቅ፤ ድንገት ቀዝቃዛ ውኃ ያኮማትረዋል። አቧራውና ቅባቱ ሲወጣ ክብደቱ እስከ ግማሽ ሊወርድ ይችላል፤ በዚህ ጊዜ አባወራው «ማን ወሰደው?» ይላል።

ከዚያ በደጋን ይነደፋል፣ በእንዝርት ይፈተላል፣ ሸማኔ ዘንድ ይሄዳል። እንዝርቷ በየለቅሶው ቤት አትዞርም፤ ወሎ ላይ ደግሞ ለቅሶና ሠርግ አይጠፋም። ስለዚህ ድርና ማጉ ወራት ይፈጃል። ተሠርቶ ሲመጣም አላለቀም፤ በሙቅ ውኃ እየራሰ በእግር ይረገጣል፣ ይጠብቃል፣ ይጠባልም። ሲለካ ለመጥበቢያው ካልታሰበለት እግር ሸፍኖ ትከሻ ይተዋል።

ይሄኔ ነው ከኮምቦልቻ የሐረጎን ዳገት በስስ ሸሚዝ የወጣው አጎት ከተፍ የሚለው። ደሴ ከኮምቦልቻ ስድስት መቶ ሜትር ገደማ ከፍ እንደምትል የሚያስታውሰው ከመሸ በኋላ ነው። ባናው ለእንግዳ ይሰጣል፣ ባለቤቶቹ ጋቢ ተጋርተው ያድራሉ። ጠዋት ዳር ዳሩን እየዳሰሰ፣ «እትዬ፣ ለእኔም እንዲህ ያለ አንድ አሠሪልኝ» ይላል።

«ምን ችግር አለው ወንድም ዓለም፤ ፀጉሩን ይዘህ ና። የእኛን ሙክቶች ለፋሲካ በልተሃቸዋል።»