«አሉሚኒየም እኮ አይዝግም» ያላችሁኝ ሰዎች የት ናችሁ?

ሦስተኛ ጊዜዬ ነው። ሦስተኛ! እነዚያኑ አራት የመኪናዬን የአሉሚኒየም ቸርኬዎች ለሦስተኛ ጊዜ ቀለም ለማልበስ እየፈተግኩ ነው። ጣቶቼ ተልጠው አልቀዋል። ብሶቴን ካልተነፈስኩ እፈነዳለሁ፣ ስለዚህ ታገሱኝ።

መጀመሪያ ለቀቢ ነው የሰጠሁት። ስረከበው እንዴት ያምር ነበር መሰላችሁ! አዲስ መኪና የገዛሁ ያህል ነው የተሰማኝ። ዓመት ሳይሞላ አንድ ቀን እያጠብኩት የውሃው ግፊት ሲነካው ቀለሙ በቁሙ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተነስቶ እግሬ ስር ወደቀ። ከስሩ ያለው አሉሚኒየም ደግሞ አንድ ጭረት የለበትም፣ ልሙጥ፣ ፊቴን የሚያሳይ። ሰውየው የብርጭቆ ወረቀት ጫፉን እንኳን አላስነካውም ማለት ነው። ስጠይቀው ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? «አሉሚኒየም እኮ አይዝግም፣ ፕራይመር (ቀለሙ እንዲይዝ ከስሩ የሚቀባው) ምን ያደርግለታል?»

እሺ፣ ቀይ ዝገት አያወጣም። ግን አየር እንዳገኘው ወዲያው ኦክሳይድ ይለብሳል። ፍቀኸው እጅህን ሳታነሳ በዓይን የማይታይ፣ ጥቂት ናኖሜትር የምታህል ስስ ሽፋን ይሠራል። ሽፋኑ ለራሱ ለአሉሚኒየሙ ጋሻ ነው። እየቆየ እርጥበትና ቆሻሻ ሲጠጣ ግን ለቀለም የማይታመን መሬት ይሆናል። ጨውና እርጥበት ከተጨመረበትማ ከአንዲት ጭረት ተነስቶ ቀለሙ ስር ለስር እንደ ትል እየተጠማዘዘ ይሄዳል። ያንን ክር የመሰለ እብጠት ቸርኬ ላይ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እሱ ነው «የማይዝገው» አሉሚኒየም።

ሌላ ደግሞ አለ፣ ይሄ እንኳን ከውበት ጋር አይገናኝም። ሰውየው ዳዶው የሚቀመጥበትን ቦታ ሁሉ ቀብቶልኛል! እዚያ ላይ የተቀባ ቀለም በጊዜ ብዛት ይደቅና የተጠበቀው ዳዶ ይላላል። ጎማ ይወልቃል እኮ! ያን ቦታና ቸርኬው ከኋላ የሚገጥምበትን ፊት መሸፈን የአምስት ደቂቃ ሥራ ነበር።

ሁለተኛውን ዙር ራሴ ሠራሁት። እዚህ ላይ ሌላ ሰው ብወቅስ ነውር ነው፣ ያበላሸሁት እኔው ነኝ። በደንብ ፈተግኩት፣ ከዚያ አጠብኩት። ስህተቱ ምኑ ላይ ነው አትሉም? ቅደም ተከተሉ ላይ! ቅባቱ ሳይወጣ ከፈተግከው ግሪሱንና የፍሬኑን ጥቁር ዱቄት ጭረቱ ውስጥ እያሸህ ታስገባዋለህ። መጀመሪያ ቅባት ማውጣት፣ ከዚያ መፈተግ፣ ከዚያ እንደገና ቅባት ማውጣት። የጎማ ማብለጫማ አይነሳ፤ ውስጡ ያለው ሲሊኮን ትንሽ ከቀረ ቀለሙ እየሸሸ የዓሣ ዓይን የመሰለ ጉድጓድ ይሠራል። እኔ ጋ ሰባት ወጡ። ቆጥሬያቸዋለሁ።

በዚያ ላይ የብረት ሽቦ ብሩሽ ተጠቀምኩ። የብረቱ ስብርባሪ አሉሚኒየሙ ውስጥ ይቀርና ሁለቱ እርጥበት ሲያገኙ አሉሚኒየሙ በዙሪያው ይበላል። ይሄን የሚነግርህ ሰው የት አለ?

ጣሳው ላይ የተጻፈውማ! «በ30 ደቂቃ ይደርቃል» ይላል። በእጅ ሲነካ አይጣበቅም ለማለት ነው እንጂ ጠንክሯል ማለት አይደለም። ለመጠንከር ቀናት ይፈልጋል፣ አንዳንዱ ከሳምንት በላይ። እኔ ሞኙ በዚያው ቀን ገጠምኩት፣ ቁልፉ በዳዶው ዙሪያ ያለውን ሁሉ ገሽልጦት ወጣ። ዋናው ነገር፣ ፕራይመሩ ለአሉሚኒየም መሆኑ ደግሞ ከጣሳው ጀርባ በጉንዳን ፊደል ነው የተጻፈው። ወይ አሲድ ያለበት ኤች ፕራይመር ነው፣ ወይ ከማጠንከሪያ ጋር የሚቀላቀለው ኢፖክሲ። አንዱን በአንዱ ላይ መደረብ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይሆንም፣ አሲዱ የኢፖክሲውን መጠንከር ያበላሸዋል። «ሁለቱንም ካደረግኩበት ይበረታል» ብዬ ልሞክር ስል ለጥቂት ነው የተረፍኩት።

አሁን እንግዲህ ሦስተኛው ዙር ላይ ነኝ። ቅባቱን ያወጣሁት በንጹህ ጨርቅ ነው፣ ጨርቁንም ቶሎ ቶሎ እየቀየርኩ። ውሃ አፈሰስኩበት፤ ጠብ ጠብ እያለ ከተሰበሰበ ቅባት አለ ማለት ነው፣ እንደ አንሶላ ከተነጠፈ ንጹህ ነው። ሁለት ጊዜ መለሰኝ። በሦስተኛው ተነጠፈ፣ እኔም ጮህኩ። ሹል ጠርዞቹን አለዘብኳቸው፣ ቀለም ከሹል ጠርዝ ላይ እየሸሸ ስለሚሳሳ መላጥ የሚጀምረው ከዚያ ነው። በባዶ እጅም አልነካሁትም፣ የጣት ላብ ራሱ ጠላት ነው። ማጠንከሪያ የሚቀላቀልበት ቀለም የምትረጩ ደግሞ ተገቢውን ጭምብል አድርጉ፤ ማጠንከሪያው ውስጥ የሚኖረው አይሶሲያኔት የሚባል ኬሚካል ሳንባ ላይ አይቀልድም፣ የአቧራ ጭምብል ደግሞ አያስቆመውም።

ይሄ ሁሉ የአንድ ቀን ሥራ ነው። መርጨቱ የግማሽ ሰዓት ነገር ነው። ሰው ግን አይቶ የሚያደንቀው ያቺን ግማሽ ሰዓት ስለሆነ ቀቢውም እሷን ብቻ ይሠራልሃል፣ ብሩን ተቀብሎ «መልካም መንገድ» ይልሃል።

ቆይ! ከተፈተገ በኋላ ሳይቆይ በሰዓታት ውስጥ ፕራይመር መቀባት አለበት ብዬ ስፎክር፣ ሦስተኛው ቸርኬ ከጠዋት ጀምሮ ራቁቱን ቁጭ ብሏል። እኔ እዚህ ብሶት እጽፋለሁ። በሉ፣ የብርጭቆ ወረቀቱን ላንሳ።