የባሕር ኃይል ሒሳብ ከባሕር ዳር ሲታይ

ባሕር ዳር ላይ የባሕር ኃይል ጉዳይ ከተነሣ ጨዋታው አሰብ ሳይደርስ አይቆምም። «ወደቡ ከየት ይመጣል? ማን ይሰጠናል?» ይባላል፤ ከዚያ ወዲያ ቁጭትና ፉከራ ነው። የዓለም ትልቁ የባሕር ኃይል ሰፈር ባለበት ኖርፎክ፣ ቨርጂኒያ፣ ወሬው ሌላ ነው። ወደብም መርከብም ሞልቷል። ሰዉ የሚጨቃጨቀው «ዛሬ ከወደብ መውጣት የምትችለው ስንቷ ናት? የቀሩት ለምን ተገተሩ? ማን ይጠየቅ?» እያለ ነው። ያለው ስለ ጥገና፣ የሌለው ስለ ማግኘት ቢያወራ ምን ይገርማል የሚል ይኖራል። እንዳይባል ግን የእኛው ባሕር ኃይል ታሪክ ራሱ አለ፤ የመጨረሻውን ምስማር የመታበት የወደብ ኪራይ ነውና።

የንጉሡ ባሕር ኃይል የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1955 ሲሆን መቀመጫው ምፅዋ ነበር፤ ሲጀመር ያሠለጠኑት የኖርዌይ መኮንኖች ናቸው። ትልቋ መርከብ «ኢትዮጵያ» በ1962 ከአሜሪካ የመጣች፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን የተሠራች የባሕር አውሮፕላን አገልጋይ ነበረች፤ እኛ ዘንድ የመማሪያ መርከብ ሆና ኖረች። ምፅዋ በ1990 ተያዘች፤ በ1991 የተረፉት መርከቦች ወደ የመን ሸሹ። ባሕር ኃይሉ ግን ያኔ አልሞተም። የመን በ1993 ውጡልኝ አለች፤ «ኢትዮጵያ» እዚያው ለብረታ ብረት ተሸጠች፣ መንቀሳቀስ የቻሉት ጅቡቲ ገቡ። ጅቡቲ ላይ ቆመው ዛጉ። የማቆሚያው ዕዳ ሳይከፈል ተጠራቀመና በ1996 ጅቡቲ ይዛ ለሐራጅ አቀረበቻቸው። ጥቂቱን ገዥ አገኘው፣ የቀረው ለቁርጥራጭ ሄደ። ባሕር በር ካጣን በኋላ ያ ኃይል ሦስት ዓመት ያህል ጅቡቲ ላይ ተንሳፍፎ ነበር፤ የኪራይና የጥገና በጀት ያጣ መርከብ ግን የተገተረ ብረት ነው።

አሁን ደግሞ እንደገና ተጀምሯል። በ2010 ዓ.ም. ማብቂያ ጠቅላይ ሚኒስትሩ አሳቡን ተናገሩ፤ በ2011 የወጣው የመከላከያ ሠራዊት አዋጅ ቁጥር 1100 ባሕር ኃይልን ከሠራዊቱ ክፍሎች አንዱ አደረገ፤ በዚያው ዓመት ከፈረንሳይ ጋር የመከላከያ ስምምነት ተፈረመ። ዋና መምሪያው ባሕር ዳር እንዲሆን መታሰቡም ተዘገበ። ጃንዋሪ 1 ቀን 2024 ከሶማሌላንድ ጋር የተፈረመው የመግባቢያ ሰነድ ደግሞ 20 ኪሎ ሜትር የባሕር ጠረፍ ለ50 ዓመት በሊዝ የሚል ነበር፤ ሶማሊያ ተቆጣች፣ በዓመቱ ማብቂያ ነገሩ አንካራ ላይ በሌላ ስምምነት ተድበሰበሰ።

ጎጃም ውስጥ ይህን ሁሉ ሁለት ዓይነት ሰው ነው የሚሰማው። አንደኛው «ሐይቅ ላይ አድሚራል!» ብሎ ይስቃል። ሁለተኛው ደረቱን ነፍቶ ጣናን ቀይ ባሕር ያደርገዋል። ጣና ምን ማስተማር እንደሚችልና ምን እንደማይችል ግን ሁለቱም አልመረመሩም። እዚያ ጀልባ የሚጠግን መካኒክ ከሁለቱም የተሻለ ያውቃል።

ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,786 ሜትር ግድም ላይ የተኛ ሐይቅ ነው። በዚህ ከፍታ አየሩ ከምፅዋው አየር በስድስት አንድ እጅ ይሳሳል። ቱርቦ (አየር ጨምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው የናፍጣ ሞተር ወረቀቱ 100 የፈረስ ጉልበት ቢልም ባሕር ዳር ላይ 85 ቢሰጥ ነው። የጉልበቱ ማነስ ቀላሉ ነው። ፕሮፔለሩ ለባሕር ጠለል ተሰልቶ ከፋብሪካ ስለመጣ ሞተሩ የተጻፈለትን የደቂቃ ዙር መድረስ ያቅተዋል፤ ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ የጭስ ማውጫው ይግላል፣ ውሎ አድሮ ቫልቭና ፒስተን ይበላል። ነጂው «ናፍጣው ቆሻሻ ነው» ብሎ ማጣሪያ ይለውጣል፣ ከዚያ ናፍጣ የሚረጨውን አፍንጫ ያስሞክራል፤ ጭሱ ያው ነው። መፍትሔው ያለው ውሃው ውስጥ ነው፦ ፕሮፔለሩን አውርዶ የምላሶቹን ዘንበልታ (ፒች) ማሳነስ፤ የሚለካውም ፕሮፔለሩ በአንድ ዙር ወደፊት በሚሄደው ኢንች ነው። በልምድ አንድ ኢንች ሲቀነስ ከ150 እስከ 200 ዙር ይገኛል። ሙሉ ጋዝ ተሰጥቶት 2,800 መድረስ ያለበት ሞተር 2,400 ላይ ከቀረ፣ ከሁለት ኢንች በላይ ይቀነሳል ማለት ነው። ቱርቦ ያለው ብዙ አይጎዳም፤ ይሁን እንጂ ቱርቦው የሳሳውን አየር ለማካካስ ከልኩ በላይ ስለሚሽከረከር ኩሽኔታው ቶሎ ያልቃል።

ሁለተኛው ጣጣ ማቀዝቀዣው ነው። በዚህ ከፍታ ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ ላይ ስለሆነ፣ ክዳኑ የላላ ራዲያተር ምፅዋ ላይ ሳይፈላ ባሕር ዳር ላይ ይፈላል። የሐይቁን ውሃ ስቦ የሚቀዘቅዝ ሞተር ከሆነ ደግሞ እምቦጭ አለበት። የእምቦጩ ሥር የመሳቢያውን ወንፊት ይደፍነዋል፤ ውሃ ሲቋረጥ የጎማ ምላስ ያለው ፓምፕ በደረቁ ይዞርና በደቂቃዎች ውስጥ ምላሱ ይቀረጠፋል። ቸኩሎ ፓምፑን ብቻ የለወጠ መካኒክ በሳምንቱ ተመልሶ መጠራቱ አይቀርም፤ የተቆረጠው ጎማ ማቀዝቀዣው ቱቦ ውስጥ ተሸጉጧልና። ደንቡ የተሰበሩትን ምላሶች ለቅሞ ቁጥራቸው እስኪሞላ መፈለግ ነው። ደለሉንም አንርሳ፤ ግልገል አባይ ከሰከላ ጀምሮ እየጠረገ የሚያመጣው አፈር በውሃ የሚለሰልሰውን የዘንግ ኩሽኔታ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቀዋል።

መትከያውስ? የሐይቁ ውሃ ከመስከረም ከፍታው እስከ ሰኔ መጀመሪያ ድረስ ከአንድ ሜትር በላይ ይወርዳል፤ የጭስ አባይ ማመንጫን ውሃ የሚመጥነው የጨረጨራ ግድብም የራሱን ድርሻ ይጨምርበታል። በመስከረም ልክ የተሠራ የኮንክሪት መትከያ በግንቦት ጀልባዋን ከታች ያስቀራታል። ስለዚህ ከውሃው ጋር ወጥቶ የሚወርድ ተንሳፋፊ መትከያ ያስፈልጋል።

እንግዲህ ይህ ሁሉ ትምህርት ነው፤ ርካሽም ነው። የሞተር ክፍል ሥነ ሥርዓት፣ መዝገብ አያያዝ፣ እሳት ማጥፋት፣ የገመድ ሥራ፣ የሌሊት ጉዞ ከባሕር ዳር ዘጌ፣ ደቅ፣ ቁንዝላ እየተመላለሱ ይለመዳል። የማይለመደው ጨው ነው። ጣና ላይ ብረቱን ከዝገት የሚያድነው ታችኛው አካል ላይ የሚታሰር የማግኒዚየም ቁራጭ ነው፤ ያንኑ ይዞ ቀይ ባሕር የገባ ሰው ማግኒዚየሙ በአጭር ጊዜ ተበልቶ ያገኘዋል። የቀይ ባሕሩ ዚንክ ደግሞ ጣና ላይ ልባስ አበጅቶ ሥራ ይፈታል፣ ብረቱ ዝም ብሎ ይበላል። ጥልቀቱም ቢሆን አይበቃም፤ ጣና ሲበዛ 15 ሜትር ቢሆን ነው፣ የአሜሪካ አጥፊ መርከብ (ዲስትሮየር) ከውሃ በታች ያለው አካል ብቻ ከዘጠኝ ሜትር ያልፋል። የውቅያኖስ ዓይነት ማዕበልና ሞገደኛ ነፋስ፣ በመቶ የሚቆጠር የንግድ መርከብ የሚተላለፍበት ጠባብ መተላለፊያ ጣና ላይ የሉም።

ቦሊቪያ ይህን መንገድ ቀድማን ሄዳለች። የባሕር ጠረፏን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለቺሊ አጥታ እ.ኤ.አ. በ1963 ባሕር ኃይሏን በሐይቅና በወንዝ ላይ አቋቋመች፤ ቲቲካካ ሐይቅ ከጣና በእጥፍ ከፍታ ላይ፣ 3,812 ሜትር ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ቺሊ የመደራደር ግዴታ የለባትም ብሎ ፈረደባት። ባሕሩ ባይመለስም ኃይሉ የወንዝ ኮንትሮባንድ ይቆጣጠራል፣ ሰው ያድናል፤ በየዓመቱ መጋቢት ላይም የባሕር ቀን ይከበራል። ይህን ምኞት ብሎ የሚያጣጥል አለ። የሚያሰጋው ግን በዓሉ ሥልጠናውን ሲተካ ነው።

ሥልጠና ሲተካ ምን እንደሚመጣ አሜሪካ በደም ከፍላበታለች። እ.ኤ.አ. በ2003 ገንዘብ ለመቆጠብ ተብሎ የጀማሪ መርከብ መኮንኖች የወራት ትምህርት ቤት ተዘጋና መኮንኑ የሲዲ ክምር ተሰጥቶት መርከብ ላይ ራሱን እንዲያስተምር ተደረገ። በ2017 ክረምት «ፊትዝጄራልድ» እና «ጆን ኤስ. ማኬን» የተባሉ ሁለት አጥፊ መርከቦች ከንግድ መርከቦች ጋር ተላትመው 17 መርከበኞች ሞቱ። ማኬን ላይ መሪውና ጋዙ የሚታዘዙት በንክኪ ስክሪን ነበር፤ መቆጣጠሪያውን ከአንዱ ጠረጴዛ ወደ ሌላው ሲያዛውሩ ነጂው መሪው የጠፋበት መሰለው፤ አብረውት የነበሩትም መሣሪያውን በወጉ አልሠለጠኑበትም። በኋላ ባሕር ኃይሉ ወደ ቀድሞው በእጅ የሚገፋ ማንሻ እንዲመለስ ወሰነ።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ነው አገር ቤት ያለ አንባቢ ልብ እንዲለው የምፈልገው። የመርከቦቹ አዛዦች ተነሡ፣ የሰባተኛው ክፍለ መርከብ ዋና አዛዥ ተነሡ፣ የምርመራው ዘገባ በደቂቃ ተከፋፍሎ ለሕዝብ ወጣ። ምክንያቱ ባሕር ኃይላቸው የያዘው ደንብ ነው፤ መርከብ ከተላተመች አዛዡ ተኝቶም ቢሆን ተጠያቂ ነው። ሁሉም ነገራቸው ግን እንዲህ ጥርት ያለ አይደለም። በፌብሩዋሪ 2025 የባሕር ኃይሉ ዋና አዛዥ አድሚራል ሊሳ ፍራንኬቲ ተዘርዝሮ የቀረበ ምክንያት ሳይኖር ከሥልጣን ተነሡ፤ ሹመትና ሽረት ፖለቲካ ገባበት የሚለው ክርክር ዛሬም አልበረደም። እኛ ዘንድ ይህ አዲስ አይደለም። የንጉሡ ባሕር ኃይል አዛዥ ሪር አድሚራል እስክንድር ደስታ የንጉሡ የልጅ ልጅ ነበሩ፤ ደርግ ኅዳር 1967 ዓ.ም. ከረሸናቸው 60 ሰዎች አንዱ ሆኑ። ሹመቱ በደም፣ ሽረቱም በደም።

ወደ ገንዘቡ ስንመጣ «በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» የሚያሰኝ ታሪክ አሜሪካ ውስጥ ሞልቷል። ለጠረፍ ውጊያ ተብለው ከተሠሩት ቀላል መርከቦች አንዷ «ሱ ሲቲ» በኖቬምበር 2018 ሥራ ጀምራ በኦገስት 2023፣ አምስት ዓመት ሳትሞላ ጡረታ ወጣች፤ የዓይነቷ ዋና ሕመም ናፍጣ ሞተሩንና ተርባይኑን የሚያጣምረው ካምቢዮ ነበር። «ኮንስተሌሽን» የተባለው የፍሪጌት (ከአጥፊ መርከብ አነስ ያለ የጦር መርከብ) ፕሮጀክት የተመረጠው በአውሮፓ የተፈተነ ንድፍ ስለሆነ ነበር፤ ንድፉን እየለዋወጡ ሦስት ዓመት አዘገዩትና በኖቬምበር 2025 ከመጀመሪያዎቹ ሁለት በስተቀር ሰረዙት። «ቦይሲ» የተባለው ሰርጓጅ መርከብ እ.ኤ.አ. በ2015 ከተልእኮ ተመልሶ ወረፋ ሲጠብቅ የመጥለቅ ፈቃዱ አለፈበት፤ የጥገናው ውል፣ ወደ 1.2 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ፣ የተፈረመው በ2024 ነው። ገንዘብ አልጠፋም። የጠፋው ድራይ ዶክ (መርከብ ከውሃ ወጥታ የምትጠገንበት ገንዳ) እና ብየዳ የሚችል ሰው ነው።

ባለሙያዎቹ የሚይዙት ሒሳብ ይህ ነው፦ አንድ መርከብ በዕድሜዋ ከምትበላው ገንዘብ 70 በመቶ ያህሉ ከተገዛች በኋላ የሚወጣ ነው፤ አንዷ ተልእኮ ላይ እንድትሆን ደግሞ ሦስት ያስፈልጋሉ፣ አንዷ ጥገና ላይ፣ አንዷ ልምምድ ላይ። ስለዚህ «አንድ የጥበቃ መርከብ እንግዛ» የሚል ሰው የሦስቱን ዋጋና የሦስቱን ዕድሜ ወጪ መናገር አለበት። የእኛ ፓርላማ ፊት የሚቀርበው የመከላከያ በጀት ጥቅል ቁጥር ነው፤ በሕዝብ ፊት «ለጥገና ስንት? ለመለዋወጫ ስንት? ለወደብ ኪራይ ስንት?» ተብሎ ሲፈተሽ አይታይም። ጥያቄውን ማንሳትም ምስጢር ማውጣት ይመስላል። ኖርፎክ ውስጥ ግን ስንት መርከብ እንደተበላሸ በኦዲት መሥሪያ ቤቱ ዘገባ ጠላትም ወዳጅም ያነበዋል፤ ባሕር ኃይሉ በዚያ አልደከመም።

ይህን ሁሉ የሚሰማው የሜጫና የአቸፈር ገበሬ ማዳበሪያ በጊዜው ሲያጣ ኖሯል፤ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ ክልሉ ጦርነት ውስጥ ነው፣ መንገዱ ዛሬ ይከፈታል ነገ ይዘጋል። እሱን «ባሕር ኃይል ለምን ጠላህ» ማለት ድፍረት ነው። እኛ ዲያስፖራዎቹ በተለይ ከሩቅ ሆነን ማጨብጨብ ይቀለናል፤ ግብሩን የምንከፍለው እዚህ ውጭ አገር ነውና።

ለማንኛውም፣ ባሕር ዳር ላይ ቀድሞ ያለ አንድ ሀብት አለ፦ የዩኒቨርሲቲው የማሪታይም አካዳሚ። የሜካኒካልና የኤሌክትሪካል ምሩቃንን ወስዶ የመርከብ መሐንዲስ ያደርጋቸዋል፣ ልጆቹ በውጭ ኩባንያ መርከብ ላይ በዶላር ይቀጠራሉ። ጨውን፣ ማዕበሉን፣ የሞተር ክፍሉን የሚያውቅ ትውልድ ያለው እዚያ ነው። አዲሱ ባሕር ኃይል ግን በሠራዊት የብር ደመወዝ አያገኛቸውም። አሜሪካ የኒውክሌር ሰርጓጅ መኮንኖቿ ወደ ሲቪል እንዳይሸሹ ከደመወዝ በላይ ጉርሻ ትከፍላለች፤ ያም ሆኖ ይሸሿታል። አገር ቤትም የተጠባባቂ ውል ሊዘጋጅ ይችላል፦ ልጁ በንግድ መርከብ ላይ ይሥራ፣ በሁለት ዓመት አንዴ ለሁለት ወር መጥቶ ያሠልጥን፣ ለዚያው ጊዜ በዶላር ይከፈለው።